ዳልቻዋ መኪና

በዚያ ሰሞን ደክሞኝ ነበር። ድካም ስል ሠርቼ የምደክመውን አይደለም፤ እሱ ገላዬን ታጥቤ ስተኛ ይለቀኛል። የእኔው ጠዋት ስነሳም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ዓይነት ነበር።

ሥራዬ መኪና ቀለም መቀባት ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ላሜራ ሳቀና፣ ስቱኮ ስለጥፍ፣ ቀለም ስረጭ ጎልምሻለሁ። የምሠራቸው መኪኖች አብዛኞቹ በስደተኛ ጣቢያዎቹ መካከል የሚመላለሱ የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ናቸው፤ ሁሉም ነጭ። ተጭረው ይመጣሉ፣ ነጭ ቀብቼ እሸኛቸዋለሁ፤ ተጋጭተው ይመለሳሉ፣ አሁንም ነጭ እቀባቸዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ነጭ ብቻ የረጨ ሰው ራሱን ቀለም ቀቢ ብሎ መጥራቱ ትንሽ ያስቃል።

የጋምቤላ ሙቀት ደግሞ ለሙያዬ ጠላት ነው። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከረጫችሁ ቀለሙ ላሜራው ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና ብናኝ ሆኖ ይወርዳል። ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ባለመኪናው ይነጫነጭባችኋል። ስለዚህ ሁልጊዜ በማለዳ ተነስቼ ፀሐይዋ ሳትቀድመኝ እጨርሳለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ባለቤቴ ዘሃራ ልጆቹን ይዛ ኮምቦልቻ እህቷ ጋ ገብታ ነበር። እኔም ኮምፕሬሰሩንና ዕቃዬን ሸጬ ልከተላት ተስማምተናል፤ ገዢም ከመቱ ተገኝቷል። እውነቱን ለመናገር ኮምቦልቻን አላውቃትም። የተወለድኩት አቦቦ ነው። አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚያ ጎጆ ቀልሶ፣ እስከ ዛሬም እዚያው በቆሎና ማሽላ ያመርታል። እኔ ግን እዚህ ተወልጄም ለከተማው ሰው “ደገኛው” ነኝ፤ ኮምቦልቻ ስሄድ ደግሞ “የጋምቤላው” ይሉኛል። በሁለቱም ቦታ እንግዳ ከሆንኩ ቀዝቀዝ ያለው ይሻለኛል ብዬ ነው የቆረጥኩት።

አባቴን አብረን እንሂድ ስለው፣ “እኔ አንዴ ተጓጉዣለሁ፤ ይበቃኛል” አለኝ። አባቴ ወሬ አይወድም።

ጋትሉዋክ የመጣው አንድ ሰኞ ጠዋት ዕቃ ስሸክፍ ነው። ትየርኪዲ ስደተኛ ጣቢያ ለሚሠራ ድርጅት ሾፌር ነው፤ ከነጫጮቹ መኪኖች ብዙዎቹን የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በሰፈሩ ቤተክርስቲያን ሽማግሌ የሆነ ኑዌር ነው። ያለ መኪና ሲመጣ አይቼው ስለማላውቅ ግራ ገባኝ።

“ዛሬ ነጭ አይደለም። ቤት ና እና እይልኝ” አለኝ።

ቤቱ ኒውላንድ ሰፈር፣ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ጎን ነው። ከማንጎው ሥር አንዲት አሮጌ የጣሊያን ሥሪት ስፖርት መኪና ቆማለች፤ ሁለት በር፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ መብራቶቿ እንደ ዓይን ክብ የሆኑ። ሁልጊዜ በሸራ ተሸፍና ስለምትቀመጥ እንዳለች እንጂ ምን እንደምትመስል አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለች መኪና በዚህች ከተማ ሌላ የለችም። ኮፈኗ ግን ሰማያዊ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ጣሪያዋና በሮቿ ደግሞ ለምጽ እንደወጣበት ሰው እዚህም እዚያም ተልጠዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ዕለት የቤተክርስቲያኑ ወጣቶች የቆርቆሮውን ጣሪያ ሰማያዊ ሊቀቡ ኮምፕሬሰር ተከራዩ። ቀለሙ እንዳይረጭባቸው ወንበሮቹንና ከበሮዎቹን የሚሸፍኑበት ቢያጡ፣ የሽማግሌያቸው ግቢ ለእነሱ ምንጊዜም ክፍት ነውና፣ የመኪናዋን ሸራ አንስተው ወሰዱ። ወንበሮቹን አንዲት ጠብታ አልነካቸውም። ከወንዙ በኩል የተነሳው ነፋስ ግን ሰማያዊውን ብናኝ ሁሉ አምጥቶ በተራቆተችው መኪና ላይ አራገፈው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ እንዲህ ያለ ብናኝ በሳሙና፣ በሰምና በትዕግሥት ይለቃል። ወጣቶቹ ግን ደነገጡ። ጋትሉዋክ ከትየርኪዲ ከመመለሱ በፊት እናጽዳለት ብለው ጨርቅ በቲነር ነክረው፣ አንድ ላይ ሆነው፣ እየዘመሩ ሲያሿት ዋሉ። ሰማያዊው ሲለቅ የራሷንም ቀለም ይዞት ለቀቀ።

“እንዴት ልቆጣቸው?” አለ ጋትሉዋክ። “እየዘመሩ ነው ያጠፏት።”

ጎንበስ ብዬ አየኋት። መልኳ ግራጫ ነበር፤ የታሸው ቦታ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል። ከግራጫው ሥር አንድ ሙሉ ድርብ ጥቁር ቀለም አለ ማለት ነው። የድሮ ሰው ያገኘውን መሠረት ቀብቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሙሉ በሙሉ ተፍቃ እንደ አዲስ መቀባት አለባት፤ እኔ ግን እየሄድኩ ነው፣ ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። አልለመነኝም። ሸራውን መልሶ አለበሳት፣ ጠርዙን በድንጋይ ያዘና፣ “ቾል ቅዳሜ ይመጣል” አለ።

ከዚያ ከማንጎው ሥር ቁጭ ብሎ ነገረኝ፤ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቾል ታላቅ ወንድሙ ነው። በእነሱ ወግ ወጣት ለወንድነት ሲበቃ አባቱ በሬ ይሰጠዋል። በሬው የእሱ ነው፤ ይዘፍንለታል፣ ያስጌጠዋል፣ እኩዮቹም ከዚያ በኋላ የሚጠሩት በበሬው መልክ ነው። የቾል በሬ በስደት ጊዜ መንገድ ላይ ጠፋ። አብረውት ወንድ የሆኑት እኩዮቹም አንድ በአንድ አለቁ፤ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው አልተረፈም። በኋላ ቾል አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠራ ይህችን መኪና ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ የበሬውን መልክ ቀባት፤ በጠጠር መንገድ እስከ ጋምቤላ እየነዳ አመጣት። ወደ ደቡብ ሱዳን ሲሻገር “ጠብቅልኝ” ብሎ ለታናሹ ሰጠው። እነሆ አሁን ታሞ፣ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊያልፍ፣ ቅዳሜ ድንበሩን አቋርጦ ይመጣል።

“ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡትም። ስልክ ሲደውል የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ብቻ ነው። ደህና ናት እለዋለሁ” አለ ጋትሉዋክ።

እሺ አልኩት። አዝኜለት ነው ብል ደስ ይለኛል፤ እንቢ ብሎ መከራከሩ ከመቀባቱ የበለጠ እንደሚያደክመኝ ታይቶኝ ነው።

ማክሰኞ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቃት ዋልኩ። ማታ ነጭና ጥቁር ቀላቅዬ ግራጫ አወጣሁና ቁራጭ ላሜራ ላይ ረጭቼ አሳየሁት። ጋትሉዋክ አንዴ አይቶ፣ “ይሄ የቢሮ ሎከር ነው” አለ። ትንሽ ቢጫ ጠብ አድርጌ ሌላ ሠራሁ። “ይሄ ሲሚንቶ ነው።” ቀይ ቡኒ ጨመርኩበት። እሱን ብዙ ካየው በኋላ፣ “ይሄ ቀርቧል፤ ግን ሞቷል” አለኝ። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። መብራት ይሄዳል፣ ጀነሬተር እናስነሳለን፣ ላብ ከግንባሬ ቀለሙ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ እሱ ላሜራውን ይዞ ወደ ብርሃን ወጥቶ ራሱን እየነቀነቀ ይመለሳል። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። ግራጫ ግራጫ ነው፣ ስንት ዓይነት ይሆናል፣ ወንድምህ ደክሞ የሚመጣ ሰው ነው፣ ማን መርምሮ ያያል አልኩት።

አልተቀየመኝም። “ቾል እሷን ሲያይ በሬውን ካላየ፣ ባዶ ቆርቆሮ ነው የጠበቅኩለት” አለኝ። “ነገ በሬ አሳይሃለሁ።”

ሐሙስ በማለዳ በሞተር ሳይክሉ አፈናጦኝ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ከመንገዱ ገባ ብሎ የዘመዶቹ ከብቶች ያደሩበት ሜዳ አለ። የኩበቱ ጭስ ገና አልተገፈፈም፤ ከብቶቹ በጭሱ ውስጥ ቆመዋል። ጋትሉዋክ ከመካከላቸው ወደ አንዱ አመለከተኝ። የቾል በሬ ከዚህ አይለይም ነበር አለ።

ከሩቅ ሳየው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድ ነው። ጠጋ ስል ነጣ። ወደ ጎን ስዞር ትከሻው ላይ ጠቆረ። መልኩ አልያዝልህ አለኝ፤ ይህን በምን ቆርቆሮ ውስጥ በጥብጬ አመጣዋለሁ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። በሬው ገራም ነበር። ተስፋ እንደቆረጥኩ እጄ ሳላዘው ሄዶ ከጆሮው ሥር ያለውን ጠጉር ከፈለ፤ መዥገር ፍለጋ። ቆዳው ጥቁር ነበር። ከሰል የመሰለ ጥቁር ቆዳ፣ ላዩ ላይ ቀጫጭን ነጭ ጠጉር።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይህን ቆዳ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆኜ አባቴ ከደጋ አንድ በሬ ነድቶ አቦቦ አምጥቶ ነበር። ዳልቻ ነበር፤ ስሙም ዳልቻ። መዥገሩን መልቀም የእኔ ሥራ ነበር፤ ጠጉሩን በጣቴ ስከፍለው ሥሩ ጥቁር መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። እንደ ሌሎቹ የሰፋሪ በሬዎች ሁሉ ገንዲ የሚሉት የቆላ ከብት በሽታ ያዘው። ከሳ፣ እንባው ፈሰሰ፣ መነሳት አቃተው። ጎረቤቶች ሳይሞት እረደው፣ ሥጋው እንኳ ይትረፍህ ቢሉት አባቴ እንቢ አለ። አጠገቡ ተቀምጦ ውሃ ሲያጠጣው ሰነበተ፤ ሲሞት ቀበረው። ከዚያ በኋላ በመቆፈሪያ አረሰ እንጂ በሬ አልገዛም፤ ስሙንም ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። እኔም ረስቼው ነበር። በሬውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም። ሰው ግራጫ፣ ግራጫ እያለ ሲከራከር ሰንብቶ፣ በገዛ ቋንቋው ለዚያ መልክ ስም እንዳለው ሲያስታውስ የሚሰማው እፍረት አይሉት ሐዘን እንግዳ ነገር ነው።

ጋትሉዋክ ምን ሆንክ አለኝ። ቀለሙ እንደገባኝ ነገርኩት። ግራጫ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ያለበት ጥቁር። በቲነሩ የተላጠው ቦታ ጥቁር ሆኖ የወጣው ለዚህ ነበር። ቾል ያኔ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እኔ ተራ መሠረት ቀለም ነው ብዬ ያለፍኩት።

ሐሙስ ከሰዓት መኪናዋን ሁለመናዋን ጥቁር ቀባኋት። ዓርብ ማለዳ ጋትሉዋክ ወደ ትየርኪዲ ከመሄዱ በፊት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ለምን አትጀምርም አለኝ። ዛሬ ፀሐይዋን እጠብቃለሁ አልኩት። ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም፤ እኔም ለራሴ ያበድኩ መስሎኝ ነበር።

ቀትር ሲሆን፣ ውሻው እንኳ ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ ከወጣቶቹ ጋር መኪናዋን ከማንጎው ሥር ገፍተን አወጣናት። ቀጭን፣ ትንሽ ቢጫና ቡኒ የነካው ነጭ በጠበጥኩ። ሁልጊዜ መርጫውን ከላሜራው አንድ ስንዝር ነው የምይዘው። ያን ቀን ወደ ኋላ ሸሸሁና፣ እጄን ከፍ አድርጌ ወደ አየሩ ረጨሁ። ሙቀቱ ቀለሙን አየር ላይ ያደርቀዋል፤ የደረቀው ብናኝ ቀስ ብሎ በጥቁሩ ላይ ይወርዳል። ዕድሜ ልኬን የሸሸሁትን ነገር፣ ያችን መኪና ያበላሻትንም ነገር፣ ሆን ብዬ ሠራሁት። ብናኙ ሲበዛ ትነጣለች፣ ሲያንስ ትጠቁራለች፤ ትከሻዋ ላይ ቀነስኩላት፣ ጀርባዋ ላይ ጨመርኩላት። ክንዴ ዛለ፣ ዓይኔ ተቃጠለ፣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ደከመኝ። ግን ይኸኛው ድካም የማውቀው፣ ሲተኙ የሚለቀው ዓይነት መሆኑን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ከላይዋ ብናኙን እንዲይዝ ስስ ቫርኒሽ ብቻ ደረብኩላት፤ በሬ አያብረቀርቅምና። አመሻሽ ላይ ጋትሉዋክ ከትየርኪዲ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከሩቅ አያት፤ ወደ ጎን ዞረ፤ ጠጋ አለ። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ቅዳሜ ቾልን ይዛ የመጣችው መኪና ግቢው ውስጥ ስትቆም ወጣቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ነበር፤ የዚያን ቀን አልዘመሩም። ሁለት ሰዎች ደግፈው አወረዱት። ቁመቱ ብቻ የቀረ ሰው ነበር፤ ኮቱ ውስጥ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። እኔ ራቅ ብዬ ከአጥሩ ሥር ቆሜያለሁ። ስንት መኪና አስረክቤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ጋትሉዋክ ሸራውን ገፈፈው።

ቾል የደገፉትን ሰዎች እጅ በቀስታ አስለቀቀ። በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ቆም እያለ፣ እየተነፈሰ። ከኮፈኗ ዘንድ ሲደርስ መዳፉን አሳርፎ ወደ ኋላ አሸው፤ ጠጉር የሚያስተኛ ይመስል ነበር። ከዚያ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀ። ጋትሉዋክ ሁሉንም እንደነገረው ገባኝ፤ ወደ ቤተክርስቲያኑ ጣሪያ አመለከተ፣ ወደ ወጣቶቹ፣ ከዚያም ወደ እኔ። ቾል አየኝ። እንደገና ጠየቀ።

“የማንን በሬ አይቶ ነው የቀባት ይልሃል” አለኝ ጋትሉዋክ።

ኢታንግ መንገድ ላይ ያሳየኸኝን ልለው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

“የአባቴን።”

ሲተረጎምለት ቾል ራሱን ነቀነቀ። ስሙን ጠየቀ፤ ዳልቻ አልኩት። ቃሉን በአፉ ውስጥ አንድ ሁለቴ አገላበጠው። ከዚያ ሁለት ክንዶቹን እንደ ቀንድ አጎብጦ ወደ ላይ ለማንሳት ታገለ፤ አነሳቸውም፤ በዚያ ደረት ውስጥ አለ ብዬ በማልገምተው ድምፅ የራሱን በሬ ስም ጮክ ብሎ ጠራ። ግቢው ውስጥ የነበሩት አሮጊቶች እልል አሉ። ክንዶቹ ሲወርዱ ወደ እኔ ዞረና፣ በቀስታ፣ “ዳልቻ” አለኝ። ሲጠራኝ እኮ ነው።

ያን ሌሊት የሚያሳርፍ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቾል ከሕክምናው አልተመለሰም። ጋትሉዋክ እንደሚለው አልጋው ላይ ሆኖ ለጎኑ በሽተኛ ስለ መኪናዋ ያወራ ነበር። እሷ ዛሬም ከማንጎው ሥር ናት፤ ሸራዋን ለወንበር ብሎ የሚነካ የለም። እኔን ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ በስሜ፣ ሰይድ ብሎ የሚጠራኝ ጠፍቷል። በመንገድ ሳልፍ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ “ዳልቻ” ብለው ያስቆሙኛል። ለመቱው ሰውዬ ደውዬ ኮምፕሬሰሩ አይሸጥም አልኩት። ዘሃራን ማሳመኑ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር፤ ተቆጣች፣ ሰነበተች፣ በመጨረሻ ልጆቹን ይዛ መጣች። አሁንም ሙቀቱን ትራገማለች፤ እውነቷንም ነው።

አንባቢዎቼ፣ ተአምር ተፈጸመልኝ እያልኳችሁ አይደለም። አሁንም ነጭ እየቀባሁ ነው፤ መብራትም ይሄዳል። ነገር ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለዓመታት ያደከመኝ ሙቀቱና ሥራው ይመስለኝ ነበር። ያደከመኝ የማንም ሳልሆን መኖሬ ነበር። አገር ማለት የተወለዱበት ነው፣ አይደለም አባት የመጣበት ነው እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ስሰማ አሁን ዝም እላለሁ። ለእኔ አንድ የታመመ ሽማግሌ የአባቴን በሬ ስም ጠይቆ፣ በዚያ ስም ሲጠራኝ ነው ሰው የሆንኩት። እናንተም ረሳነው ያላችሁት ነገር ካለ፣ እጃችሁ አልረሳው ይሆናል።

ቾል በመጣ ማግስት፣ እሑድ ዕለት፣ አቦቦ ሄጄ ነበር። አባቴ ማሳው ዳር፣ ዛፉ ሥር ተቀምጦ ለመቆፈሪያው እጀታ እየከተተ ነበር። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ ቀና ሳይል ሰማኝ። ሰዎቹ ዳልቻ ብለው እንደጠሩኝ ስነግረው እጁ ቆመ። ስሙን በማንሳቴ ያስቀየምኩት መሰለኝ።

“ቀንዱንስ ነገርካቸው?” አለኝ።

“የቱን ቀንድ?”

“የግራውን። ጫፉ የተሰበረውን።”

“አልነገርኳቸውም፣ አባ።”

“ታዲያ እሱን ካልነገርካቸው እንዴት አድርገው ያውቁታል?” አለና መቆፈሪያውን ወደ ጎን አስቀመጠ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ስለ ዳልቻ አወራኝ።